ጉጉቶቹን አላባርርም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሙሐመድአወል፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ። ጋሼ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ? እናታችንስ የእግሯ ሕመም ለቀቃት? ሀጀራና ልጆቹ ደኅና ናቸው? ማሽላው ዘንድሮ እንዴት ያዘ? እኔ አልሐምዱ ሊላህ፣ ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለኝ የለም።

የላክኸው የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። «እህትህ ካርቱም ውስጥ ጉጉት ታረባለች እያሉ መሳቂያ አደረጉን፤ ወይ ተይው ወይ አገርሽ ግቢ» ብለሃል። በስልክ ብመልስልህ መሀል ላይ ስለምትዘጋብኝ ነው የጻፍኩት።

ማዳም ከነቤተሰቧ ካይሮ እንዳለች፣ የቤቱን ቁልፍ ለእኔ እንደተወችልኝ ታውቃለህ። ውጊያው ከከተማው ወጥቶ ከሸሸሁበት ስመለስ፣ በላይኛው ዕቃ ቤት፣ በተሰበረው መስኮት ሁለት ጉጉቶች ገብተው ጎጆ ይዘው አገኘሁ። አልዋሽህም፣ መጥረጊያ ይዤ ነበር የወጣሁባቸው። እዚህም እንደኛው አገር ነው፤ ቡም ይሏታል፣ ሞት ትጠራለች ብለው ይገድሏታል።

ያስቆመችኝ ኡስታዛ ዛሂራ ናት። እዚሁ አጠገባችን ባለው በጀሪፍ ሰፈር የሳይንስ መምህርት ነች፤ ትምህርት ቤቷ ገና ስላልተከፈተ፣ ወንዝ ዳር የሚያርሱ ገበሬዎችን ልጆች፣ አሥራ አራት አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸውን፣ ሰብስባ ስለ አራዊትና ስለ ወፎች ታስተምራለች። ስለ ጉጉቶቹ ከጎረቤት ሰምታ መጣችና «ጠዋት ጠዋት ቤቱን ክፈቺልን» ብላ ለመነችኝ። ማዳምን ደውዬ አስፈቀድኩ።

ጉጉት አይጥ ከዋጠች በኋላ አጥንቱንና ጸጉሩን ጠቅልላ ትተፋዋለች። ልጆቹ ያንን ድብልብል ከወለሉ እየለቀሙ ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዝፉትና አጥንቱን በመርፌ ይለያሉ። እኔ መጀመሪያ ሻይ ላቀርብ ብቻ ነበር የምገባው። በሳምንቱ መርፌውን ያዝኩ። ዛሬ ለአዳዲሶቹ ልጆች የማሳየው እኔ ነኝ፣ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠችው እህትህ።

ከልጆቹ አንዷ ፋሪሃ ትባላለች። ታናሽ ወንድሟ ትኩሳት ያዘውና አባቷ ሙስዐብ «ቡሟ ናት» ብሎ አንድ ጠዋት ዱላ ይዞ መጣ። ደረጃው ላይ ቆምኩበት። «አንቺ ሐበሺያ፣ በሰው አገር፣ በሰው ቤት ቡም ታሳድጊያለሽ? ያላ፣ ዘወር በይ!» አለኝ። «ቁልፉ የተሰጠው ለእኔ ነው፤ ወላሂ አታልፍም» አልኩት።

ፋሪሃ ከላይ ወርዳ አንድ ጨርቅ እግሩ ሥር ዘረጋች። «ከሠላሳ ስምንት ድብልብል የወጣ ነው አባዬ። ቁጠረው» አለችው። የአይጥ ራስ ቅል ነው። ሙስዐብ የዘራውን አይጥ በልቶበት ዘንድሮ ሁለት ጊዜ የዘራ ሰው ነው። ቁጢጥ ብሎ በጣቱ እየነካ ቆጠረ፤ ዘጠና አንድ ሆነ። ከዚያ ዱላውን አስቀምጦ «ልጄ ግን አሞታል» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ። አላስችል አለኝ። ከኡስታዛ ጋር ሆነን ልጁን ወደ ሐኪም ወሰድነው። ወባ ነበር፤ አሁን ድኗል። ሙስዐብ እስከ ዛሬ ጉጉት አይወድም፤ ግን ለአይጥ መርዝ መበተኑን ትቷል፣ ፋሪሃንም አልከለከላት።

ስለዚህ ጋሼ፣ አላባርራቸውም። የሚስቅ ይሳቅ። አሥር ዓመት ሙሉ የሰው ወለል ስወለውል ማንም አላፈረብኝም፤ ዛሬ ሳስተምር ነው ያሳፈርኳችሁ? ጫጩቶቹ አምስት ናቸው፣ ላባ አውጥተዋል። እነሱ ሲበሩ ከልጆቹ ጋር ሆነን በጀሪፍ እርሻ ዳር ከእንጨት የሠራነውን ጎጆ እንሰቅላለን። አገሬ ኢንሻአላህ እገባለሁ፤ የምገባው ግን ሥራዬን ጨርሼ፣ እኔ በወሰንኩበት ቀን ነው። ብትቆጣኝም እወድሃለሁ።

እናቴን ጉልበቷን ሳምልኝ፣ ዱዓዋ አይለየኝ። ሀጀራን እንዴት ነሽ በልልኝ፤ እንደ እሷ እኔን የሚረዳኝ ሰው የለም። ትንሿን በሁለቱም ጉንጯ ሳማት። ለልጅህ ለኢክሪማ ደግሞ፣ ጉጉት በድንጋይ መትተሃል ሲሉ ብሰማ ከአክስትህ ጋር ተጣላህ በልልኝ።

እህትህ ሉጥፊያ
ካርቱም፣ አል-ማንሺያ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.