ደረቅ ሆኖ ስለተገኘው ኪቦርድ

ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ላፕቶፔ ውስጥ ውሃ አልነበረም።

ለተከበሩ አቶ ሰናይ፣ የሽያጭና የዋስትና ኃላፊ
ወሎ ሰፈር

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ በመስታወት ውስጥ ለተደረደሩት አዳዲስ ዕቃዎችዎም ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ ሌሎች ደንበኞችዎ እንዲያነቡት አድርጌ መጻፌን እንደ አክብሮት እንዲቆጥሩልኝ እለምናለሁ። የትርጉም ሥራ ነው እንጀራዬ። ከእርስዎ የገዛሁት ላፕቶፕ ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ እንኳ ሳይላጥ የኪቦርዱ መካከለኛ ረድፍ መሥራት ስላቆመ ይዤልዎት መጣሁ።

1ኛ. አንድም ብሎን ሳይፈቱ፣ ላፕቶፑን ገልበጥ አድርገው ብቻ «ፈሳሽ ገብቶበታል፤ ይሄን ደግሞ ዋስትናው አይሸፍንም» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ሐኪም እንኳ መጀመሪያ ምላስ አሳዩኝ ይላል።

2ኛ. አስከትለውም «እህቴ፣ ቤት ሠራተኛ አለችዎት?» ብለው ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። አዎ ስልዎት ፈገግ አሉና «በቃ፣ ተገኘች» አሉ። እርስዎ ሶሬቲን አያውቋትም። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ ስታመም አስታማኛለች፣ የቤቴም ቁልፍ በእጇ ነበር። ስለዚህ ይህ ቅሬታ በእኔ ሳይሆን በእርስዎ ስም ሥር መግባቱ ትክክል አይመስለኝም፤ ቁጥሩን ስለጀመርኩት ብቻ እዚሁ ትቼዋለሁ።

3ኛ. ቤት ስደርስ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጠየቅኋት።

«ጠረጴዛውን በምን ነው የጠረግሽው?»

«በደረቅ ጨርቅ እትዬ። ኮምፒውተሩንማ ነክቼውም አላውቅ።»

«ታዲያ ውሃው ከሰማይ ወረደ?»

«ወላሂ እትዬ!»

መሐላዋን ለጥፋቷ ማስረጃ አደረግሁትና ተያዥዋ ጋ ደወልኩ። አቶ አብዱልገኒ የአገሯ ሰው ናቸው፤ ጎሮ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ስትቀጠር የፈረሙላት እሳቸው ነበሩ። ሱቃቸውን ዘግተው የዚያኑ ዕለት መጡ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። «ጥፋት ካለ እኔን ይጠይቁኝ፤ ዋሷ እኔ ነኝ» አሉ። የእርስዎ ዋስትና ማኅተም፣ ሆሎግራምና በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ገጽ አለው፤ ሲጠሩት ግን እንዲህ ፈጥኖ አልመጣም።

አሰናበትኳት። ሠራተኛ ስትሰናበት ሻንጣዋ ይፈተሻል። ልማድ ነውና እኔም ፈተሽኩ። የጠፋብኝ ዕቃ አልነበረም፤ የኪቦርድ ነገር ከሻንጣ ጋር ምን እንደሚያገናኘውም እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለት ቀሚስ፣ የፀጉር ቅባት፣ በፌስታል የተጠቀለለ ጫማ። አንድ በአንድ አውጥቼ መልሼ አጣጠፍኩት። አቶ አብዱልገኒ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆዩ። ሶሬቲ ግን እጄን ታይ ነበር።

4ኛ. ብዙ ከተመላለስኩ በኋላ ላፕቶፑን ከፍተው ስላዩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ትናንት ደውለው ውስጡ ደረቅ መሆኑን፣ የኪቦርዱ ገመድ ከፋብሪካው ሲገጠም በደንብ አለመግባቱን ነገሩኝና «እንኳን ደስ አለዎት፣ ዋስትናው ይሸፍነዋል!» አሉ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ መረቅሁዎት። ሶሬቲ ትዝ ያለችኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

5ኛ. ዛሬ ጠዋት «በዕቃው ውስጥ ፈሳሽ አልተገኘም» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ለመንኩዎት። ልጅቷ ሌላ ቤት ልትቀጠር ስትል «ከፊተኛው ቤት ለምን ወጣሽ?» ይሏታል፤ ተያዥዋም ይጠየቃሉ። አቶ አብዱልገኒ የሚመልሱት እኔ የነገርኳቸውን ነው፤ ዕቃ አበላሽታ፣ ዋሽታ። እንዲህ የተባለላትን ልጅ ማንም አይቀጥራት። እርስዎም በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «እህቴ፣ እኛ የምንጽፈው የተበላሸውን ነው፤ ላልተበላሸው ፎርም የለንም። ለማንኛውም ቁጭ ይበሉ፣ አለቃ ይጠየቃል» አሉኝ። ላልተበላሸው ፎርም የሌለው መሥሪያ ቤት ስለመራችሁ አገር ታመስግናችሁ።

ጊዜዎን ስለሰዉልኝ፣ የቤቴን ምስጢር ከእኔ ቀድመው ስለደረሱበት፣ ይህንንም ወንበር ስለሰጡኝ እጅ እየነሳሁ፣ ከእንግዳ መቀበያዎ ሆኜ በእስክሪብቶ የጻፍኩት፣

የዘወትር ደንበኛዎ
ዕፀገነት ገረመው

ተጨማሪ፦ አሁን ስሜ እየተጠራ ነው። ላፕቶፑ ባንኮኒው ላይ ተከፍቶ ይታየኛል፤ ስለ ወረቀቱም አለቃዎ ገና እየተጠየቁ ነው መሰለኝ። ሶሬቲን ስከሳት ወረቀት አልጠየቅሁም፤ የእርስዎ አንድ ቃል በቅቶኝ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ስነሳ ግን ማኅተም አስፈለገኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ ለጥፌ ወደ ጎሮ፣ ተያዥዋ ጋ፣ ታክሲ ልይዝ ወጥቻለሁ። ላፕቶፑ እዚያው ይቆይልኝ። እስክመለስ አንድ ነገር ቢሆን ታዲያ የሱቁን ጽዳት ሠራተኛ እንዳይጠይቁብኝ፣ አደራ።