ጥያቄ የሌለበት ኢንሹራንስ

ልጄ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤ በርሽን በክፉ የሚያንኳኳ አይኑር። እኛ ደህና ነን። ወንድምሽ የስፌት መኪናዬን ወደ መስኮቱ አስጠግቶልኝ ክር ማስገባት ቀሎኛል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። የቀብሬን ወጪ የሚሸፍን የሕይወት ኢንሹራንስ እንዲያዋውለኝ የላክሽብኝ ሰውዬ መጥቶ ነበር። "ልጅዎ እንዳይደክሙ ብላ ስለ ጤና ምንም የማይጠየቅበትን መርጣለች" አለኝ። እኔ ጨርቅ እንኳ ሳልዳብስ ገዝቼ አላውቅም፤ ሌላም ካለ አምጣ ብዬ ሁለቱንም ውል አስነበብኩት። አንቺ የመረጥሽው ዋጋው ይወደዳል። በዚያ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ታምሜ ብሞት የከፈልሽውን ይመልሱልሻል እንጂ ሙሉውን አይሰጡሽም። ሌላው ግን ስለ ጤናዬ ጠይቆ ከተቀበለኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉውን ይከፍላል፤ ወርሃዊ ክፍያውም ያነሰ ነው። ምነው፣ ተጠይቄ የምመልስበት አፍ የለኝም?

"በል ጠይቀኝ" አልኩት። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ እንደሆነ፣ እንቅልፍ ይወስደኝ እንደሆነ፣ ከወንበር ስነሳ ጉልበቴ ይከዳኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁሉንም መለስኩለት። የባሰ የተናደድኩት ግን እሱ ከወጣ በኋላ ነው። አንቺ ስትደውይ "ደህና ነሽ እማዬ?" ትይኛለሽ፣ "ደህና" እልሻለሁ፣ በቃ አለቀ። ይህን ሁሉ የጠየቀኝ የማላውቀው ሰው ነው።

ስለ ጤና የሚጠይቀውን ውል ፈርሜያለሁ፤ አትከራከሪኝ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። አደራሽን፣ እሁድ ስትደውይ ስለ ጉልበቴ ጠይቂኝ። መልሱ ረዘም ስለሚል ቁጭ ብለሽ ደውዪ።

እናትሽ