ወለሉ እስኪረጋ የጠበቁት ጋሽ ቆይ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ጋሽ ቆይ» በመባል የሚታወቁት ወንድማችን፣ ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ኅዳር 3 ቀን 1947 ዓ.ም. ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተወለዱ። በአባታቸው ጠረጴዛ አጠገብ ማስነጠስ ክልክል ስለነበር፣ ትንፋሽ መያዝን ከፊደል በፊት ተማሩ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው፣ በላቦራቶሪ ሙያ ለሁለት ዓመት ከሠለጠኑ በኋላ፣ በ1970 ዓ.ም. በአንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በሚዛን ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው ለእያንዳንዱ መድኃኒት የሚገባውን ዱቄት መመዘን ነበር።

ሕንፃው የተሠራው ለሰውና ለእጅ ጋሪ ነው። በ1974 ዓ.ም. ፋብሪካው ፎርክሊፍት የሚባል ዕቃ ማንሻ መኪና ገዛና ከዕቃ አሳንሰሩ እስከ መጋዘኑ፣ በሚዛን ክፍሉ በር አጠገብ ይመላለስ ጀመር። ኮሪደሩ መካከል ሁለት የወለል ክፋዮች የሚጋጠሙበት ስንጥቅ አለ። ጭነት የያዘው ጎማ እዚያ ላይ ጓ ባለ ቁጥር ወለሉ ይርገበገባል፤ የሚዛኑ ቁጥሮችም ገበያ ውስጥ እንዳለ ሰው ይተራመሳሉ።

ጋሽ ቆይ ውኃ የሞላች ብርጭቆ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡ። ውኃዋ እስክትረጋ እጃቸውን አየር ላይ አንጠልጥለው ይጠብቃሉ፤ ስትረጋ ይመዝናሉ፤ ፎርክሊፍቱ ባዶውን ሳይመለስ ይጨርሳሉ። በዚህ መካከል የገባ ሰው፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሆኑ፣ «ቆይ» ይባላል። «ይቆዩ» ለማለት ጊዜ አልነበረም። ስማቸው የወጣው ከዚያ ነው።

ሚዛኑ ምድር ቤት እንዲወርድላቸው የመጀመሪያውን ማመልከቻ በ1975 ዓ.ም. ጻፉ። በየዓመቱም ጻፉ። በ1977 ዓ.ም. ምድር ቤት በማሸጊያ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ፤ ጋሽ ቆይ በምሳ ሰዓት እየወረዱ ከእሳቸው ጋር የተዋወቁት የማይንቀጠቀጥ ወለል ፍለጋ ሲሄዱ እንደሆነ ለብዙ ዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል። ባለቤታቸው ይህን እንደ ሙገሳ አልቆጠሩትም። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ልጆቹ፣ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ አባታቸው ማንኪያቸውን አፋቸው ዘንድ አቁመው ሲጠብቁ፣ «አባዬ፣ አልፏል» ማለትን ገና ከሕፃንነታቸው ለመዱ።

በ1979 ዓ.ም. ፎርክሊፍቱ ለባለቤታቸው ታናሽ ወንድም፣ ማለትም ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ተሰጠ። ዝምድና ይጠቅማል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሹፌሩ ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ቀስ ማለት ጀመረ፤ ተቆጣጣሪው ሰዓት ይዞ ጠበቀውና በጽሑፍ ገሠጸው፤ እሱም እንደ ቀድሞው ነዳ።

በ1981 ዓ.ም. የቴክኒክ ኃላፊው ጋሽ ቆይን አስጠርተው መዝገብ ገለጡ። «ወለሉ ይንቀጠቀጣል ይላሉ፤ ምዘናዎ ግን አንድም ቀን አልተሳሳተም። የትኛውን እንመን?» አሏቸው።

ያን ቀን ሹፌሩ፣ «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ተሳሳት፤ ያኔ ያምኑሃል» ብሎ መከራቸው።

«የተሳሳተው እኮ ፋብሪካ ውስጥ አይቀርም» አሉት፤ «አንድ ሰው ይውጠዋል።»

ከዚያ በኋላ መውጫ አልተገኘም። ወደ ሌላ ክፍል ልዛወር ሲሉ «እርስዎን ማን ይተካል?» ተባሉ። ጎበዝነታቸው በሩን ዘጋባቸው፤ አበላሽተው እንዳይወጡ ደግሞ እጃቸው እምቢ አለ። ጡረታቸውም በዚሁ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተራዘመ።

በ2009 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ የተኳቸው ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ተሳሳቱ። ስህተቱ ከፋብሪካው ሳይወጣ ተያዘ። ሚዛኑም በአርባ አንድ ቀን ውስጥ ምድር ቤት ወረደ። ጋሽ ቆይ ሲጠይቁ የኖሩት ሠላሳ አራት ዓመት ነበር። ወሬውን ሹፌሩ ቤታቸው ሄዶ ሲነግራቸው «ብርጭቆዋስ?» ብለው ጠየቁ። መስኮቱ ላይ ቀርታ ነበር። ሹፌሩ በማግስቱ ወስዶ ሰጣቸው።

በ2013 ዓ.ም. እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ሲመረምሯቸው «እኔ ነኝ ወይስ ወለሉ?» ብለው ጠየቁ። ክሊኒኩ ምድር ቤት ነበር።

በሕክምና ሲረዱ ከቆዩ በኋላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ሳሉ፣ ጭነት የያዘ መኪና በመንገዱ አለፈ። ራስጌያቸው ያለችው ብርጭቆ ተርገበገበች። ጋሽ ቆይ እንደ ልማዳቸው ትንፋሻቸውን ያዙ። ባለቤታቸው ውኃዋ እስክትረጋ ጠብቀው «አልፏል» አሏቸው። እሳቸውም ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ መልሰው ግን አልሳቡም። የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበሩ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ቀስ ብሎ መንዳት የነበረበትን አማቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በማይናወጥ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ።

ወደ መቃብሩ ስንሄድ መኪኖቻችንን ከአጥሩ ውጭ አቁመን በእግር እንድንገባ ባለቤታቸው በትሕትና ይጠይቃሉ።