እናታቸውን ከኪታቡ ያጡት መምህር

አባታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ጆሯቸው ከማይሰማው እናታቸው፣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተወለዱ። እናታቸው ከተፈጠሩ ጀምሮ አንድም ድምፅ አልሰሙም፤ ማንበብም ሶላትም ያስተማራቸው አልነበረም። እኚሁ እናት የእጅ ምልክታቸውን እያስመሰለች ሰፈሩን ታስቅባቸው የነበረች ጎረቤት አልጋ ስትይዝ፣ ልብሷን እያጠቡ፣ ጎኗን እያገላበጡ እስከ መጨረሻው አስታመሟት።

አባታችን በሰባት ዓመታቸው መድረሳ ገቡ። ቁርኣንን በቃላቸው ይዘው፣ ኪታብ፣ ማለትም የሃይማኖቱን መጻሕፍት፣ ተምረው፣ በሃያ ስድስት ዓመታቸው ማስተማር ጀመሩ። በዚያው ዓመት ነርስ የነበሩትን እናታችንን አገቡ። እናታችን፣ እኚህ ሰው ማስረጃ ካልቀረበላቸው ሽንኩርት እንኳ አይገዙም እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ትምህርታቸው ግልጽ ነበር፤ ደግ ማለት ሸሪዓ ያዘዘው፣ ክፉ ማለት ሸሪዓ የከለከለው ነው። አቅልማ፣ የሰው አእምሮ፣ እንደ ስሜቱ ይገለባበጣል፤ ገዳይም ምክንያት አያጣም ይሉ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ተማሪ፣ የእስልምና ጥሪ ያልደረሰው ሰው እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቃቸው። አይቀጣም፤ ሥራው ግን ደግም ክፉም አይባልም ሲሉ መለሱ። ያ ጥሪ በጆሯቸው ያልገባው እናታቸው ከሞቱ ወር አልሞላም ነበር። ኪታቡን አጥፈው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ፣ እናቴ ያንን ጎረቤት ማስታመሟ ደግ አይባልም ወይ የሚለው ጥያቄ እንደ እግር እሳት አቃጠላቸው። አቅል ከሸሪዓ በፊትም ደጉን ይለያል ያሉ ሊቃውንት እንደነበሩ ያውቃሉ፤ ግን ለእናቴ ብዬ እውነት አላጣምም አሉ። የአላህ ምሕረት ሰፊ ነው ብለን ብናጽናናቸው፣ ምሕረቱን መቼ ተጠራጠርኩ፣ ለእናቴ የምመኝላት ምስጋና ነው ብለው መለሱልን።

ባለፈው ዓመት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ወደቁ። ቁርኣኑም፣ ኪታቡም፣ የእኛም ስም ጠፋባቸው። ከዚህ የከፋ ሐዘን አላየንም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሆስፒታሉ አጠገባቸው የተኛው በሽተኛ ብርድ ልብሱ ወድቆበት ሲንቀጠቀጥ አዩ። በደህናው እጃቸው የራሳቸውን ጎትተው፣ እንደ ምንም ተንጠራርተው አለበሱት። ያዘዛቸው አልነበረም። አባዬ፣ ደግ አደረግህ እንዳንላቸው ቃላችን አይገባቸውም ነበር።

በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ረቡዕ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ እኛን ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። አላህ አባታችንን ይማርልን። እሳቸው ለመለመን ያልደፈሩትን ደግሞ እኛ እንለምናለን፤ አያታችንን አመስግኖ ይቀበልልን።