ልጁ ደረቴ ላይ ነው

ልጄ፣ ክፉ አይንካህ፣ እንቅፋት አይምታህ።

ጽሑፌ ቢንጋደድ እንዳትስቅብኝ፤ ልጅህ ደረቴ ላይ ተኝቶ ነው የምጽፈው። ያለ ጊዜው ስለተወለደ ሙቀቱን የሚያገኘው ከእኛ ገላ ነው። ሐኪሟ ከሆስፒታል ስታስወጣን «ከእንግዲህ ማሞቂያው እናንተ ናችሁ» አለችን። ይኸው እኔና ሚስትህ እየተፈራረቅን ማሞቂያ ሆነናል። ጎረቤቱ ሁሉ ጉንፋን እንዳያስይዘው ብሎ በመስኮት ነው ሰላም የሚለን። እስረኛ እንኳ ጠያቂ አለው!

ልጁ የሳንባ ምች ይዞት ተመልሶ ሆስፒታል ከተኛ ወዲህ ሚስትህ እንቅልፍ የላትም። እዚያ የመሣሪያው ጩኸት ያስደነግጣት ነበር፤ እዚህ ደግሞ ዝምታው ያስደነግጣታል። ትናንት ልጁን ተቀበልኳትና «ሂጂ፣ ፀጉርሽን ተሠርተሽ ነይ! እኔም ልጅ አሳድጌያለሁ እኮ» ብዬ በሩን ዘጋሁባት። ወጣችልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ኋላ ግን በበሩ ሥር ጥላ አየሁና ብከፍት፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች። ፀጉሯ እንደነበረ ነው።

«እማዬ፣ ይተነፍሳል?» አለችኝ።

ልቆጣት አፌን ከፈትኩና እጇን ስቤ ልጁ ጀርባ ላይ አኖርኩላት።

በደወልክ ቁጥር «ስንት ኪሎ ሆነ?» ትላለህ። ተመስገን ነው፣ እየጨመረ ነው። ግን እባክህ አሁን ስትደውል መጀመሪያ እሷን «አንቺስ?» በላት። «ደህና ነኝ» ብትልህም ቶሎ አትዝጋው።

ፈጣሪ መውጣት መግባትህን ይባርክልኝ። ለእኛ ለጊዜው ከቤት መውጣቱ ብቻ ይበቃናል።

እናትህ