አልላጥም ስላለው ድንች ለቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የምግብ ፍላጎትዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ክፍል ልብስ የምሰፋ እናት ነኝ። ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ «ድንቹ አልላጥም አለ» የተባለውን አደገኛ መጽሐፍ ከሕፃናት ክፍል መደርደሪያ ላይ በማንሣት ለዋሉልን ውለታ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ንቃትዎ። በዚያች ሃያ ገጽ በማትሞላ የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ድንቹ ቢላዋውን «ቀስ በል ወንድሜ፣ ያለኝ ልብስ ይኸው አንድ ነው!» ሲለው እኛ ተራ ወላጆች ስቀን አልፈናል። እርስዎ ግን አርቀው አይተው፣ «ምግብ ለበላተኛው መልስ ከሰጠ ነገ ልጅም ለታላቁ መልስ ይሰጣል» የሚል ማስታወቂያ በማኅተም አስደግፈው ለጥፈዋል። እንዲህ ያለ ዓይን ያለውን ሰው ሽንኩርት እንኳ አያስለቅሰውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀን አመራረጥዎ። የስድስት ዓመት ልጄ ጉሮሮዋን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወዲህ ሕመሙን ፈርታ እህል በአፏ አልዞር ብሎ ነበር። ሐኪሟም እስከ ሐሙስ ጠዋት በደንብ መዋጥ ካልጀመረች አስተኝተው በአፍንጫዋ ቱቦ እንደሚያስገቡላት ነገሩኝ። ሰኞ ዕለት የሕፃናት ክፍል ሠራተኛዋ ጭንቀቴን ሰምታ ይህን መጽሐፍ ሰጠችኝ፤ ድንቹ ባጉረመረመ ቁጥር ልጄ ትስቃለች፣ በሳቋ መሐል አንድ ማንኪያ ሾርባ ትውጣለች። ረቡዕ ጠዋት የመመለሻ ቀኑን ላስራዝም ይዤው ብመጣ፣ ማስታወቂያዎ ያን ዕለት ተለጥፎ ኖሮ ጸሐፊዎ ከእጄ ተቀብላ ካቢኔ ውስጥ ቆለፈችበት። ብለምን፣ ብማጸን፣ እርስዎ ከቢሮዎ ብቅ ብለው «እናቴ፣ መድኃኒት የሚገኘው ፋርማሲ ነው» አሉኝ። አድራሻውን ስለጠቆሙኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ቤት ስገባ ልጄ ባዶ እጄን አይታ ከንፈሯን ገጠመች። ታሪኩን በራሴ አፍ ብሞክረው ተምታታብኝ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሥር ሰዓት ሲሆን ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። የሌሊት ልብሷን ለሆስፒታል በቦርሳ ከተትኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍትሕዎ። የሕፃናት ክፍል ሠራተኛዋ ልመናዬን ሰምታ ኖሮ፣ ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጣች። መጽሐፉን ለልጆች ስታነብ ኖራ ኖራ በቃሏ ይዛዋለች። ከወጥ ቤቴ አንድ ድንች አነሣች፣ በልብስ ማስመሪያ ጠመኔዬ ዓይንና አፍ ሣለችለት፣ ከዚያም በወፍራም ድምፅ «ማነው የቀሰቀሰኝ? እንቅልፍ ላይ ነበርኩ እኮ!» አለች። ልጄ ከግድግዳው ዞር ብላ ድንቹን አየችው። ድንቹ «ደግሞ ጨው አብዝታችሁ አደራ!» ሲል ግን ሳቅ አመለጣት፤ አሟት እያለቀሰች ሳቀች፤ ማንኪያውን አስጠጋሁ፤ ዋጠች። ሾርባው እስኪያልቅ ዋጠች። ሐሙስ ጠዋት ሐኪሟ ጉሮሮዋን አይተው ቱቦውን ወደ መሳቢያው መለሱት።

እርስዎም ይህን እንደሰሙ ሴትየዋን «የታገደ መጽሐፍ በቃል አሠራጭታለች» በሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሸልመው፣ የአሮጌ ጋዜጦች ጠባቂ አድርገው ወደ ምድር ቤት አውርደዋታል። በቃል የተያዘ ነገር በየትኛው ካቢኔ እንደሚቆለፍ ቢያስተምሩን ምንኛ በታደልን።

ስለዚህ ሴትየዋን ወደ ወንበሯ፣ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው እንዲመልሱልን በትሕትና እንለምናለን። እስከዚያው እኔና የሠፈሩ ወላጆች ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ልጆቻችንን ይዘን በመሥሪያ ቤትዎ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ታሪኩን ጮክ ብለን እናወራለን። መስኮትዎን ከፍተው ቢሰሙን ክብር ይሰማናል፤ ቢዘጉትም ጉሮሮ አለን።

ለሥልጣንዎ ዕድሜን፣ ለልብዎ ጥቂት ሳቅን የምመኝ፣
ታዛዥዎ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ልጄም ልትጽፍልዎ ፈልጋ ፊደሉ ስላልሞላላት የእርስዎን ፊት ሥላ ከዚህ ጋር አያይዛለች። የትኛው አትክልት እንደሆነ ብጠይቃት፣ «እኔ እንጃ እማዬ፣ ገና አልበሰለም» ብላኛለች።