ከናይሮቢ የመጡት የጎልፍ ዱላዎች

ለምወድህ ወንድሜ ለኤልያቄም ወሰኑ፣
ባለህበት ናይሮቢ

እንደምን ከረምህ ወንድምዓለም? ጤናህ እንዴት ነው? ከአምቦ ብርድ ስርቅ ይለቀኛል ያልከው ሳል ለቀቀህ ወይስ ተከትሎህ ሞያሌን ተሻገረ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ያ በየቀኑ ትበላዋለህ ያሉኝ የበቆሎ ገንፎ ተስማማህ? አብሮህ የሚኖረው ኢፋስ ደህና ነው? ሰላምታዬ እንደ ሁሉቃ ወንዝ ሳይቋረጥ ይድረሳችሁ።

እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም አለን። የጎደለን የአንተ ድምፅ ነው። እማዬ ደህና ናት፤ ከጎረቤት ተጣልታ በማግስቱ መታረቅ ከቻለች ደህና መሆኗን አንተም ታውቃለህ። አባባ ጉልበቱን ያመዋል፣ ግን ያመኛል አይልም። እኔ ያው ስፌት መኪናዬ ላይ ነኝ። ጥርን በሙሉ የሙሽራና የሚዜ ልብስ ስሰፋ ወገቤ ሊቆረጥ ነበር፤ አሁን ትንሽ ተነፈስኩ።

ደብዳቤህና ከኳሶቹ ጋር በጆንያ የጠቀለልካቸው ሰባት የጎልፍ ዱላዎች በሹፌሩ በነገራ እጅ ደርሰውኛል። ዱላዎቹ ያምራሉ። ደብዳቤህ ግን ቆሽቴን አሳረረው። ታላቅ እህትህ ነኝና ልቆጣህ ነው፤ ቁጭ ብለህ አንብብ።

በጎልፍ ሜዳው ወርክሾፕ የተሰበረ ዱላ እየጠገንክ፣ ከአሮጌ ብረትም አዲስ እየሠራህ ጥሩ ስትኖር እንደነበር ጽፈሃል። አባላቱ ግን አንተ የሠራኸው ዱላ ኳሱን ወደ ቀኝ ይጥልብናል ብለው ስሞታ አቀረቡ፣ አለቃህም አሰናበተህ። እኔ ስመታበት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ እነሱ ሲይዙት ይጠማል፣ እድሌ ጠማማ ነው አልክ። ይኼ ሳያንስ ከፋሲካ በኋላ ከደላላ ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ፣ ዱላዎቹን ለሰፈር ሰው ስጪ፣ የገና ጨዋታ ይጫወቱባቸው አልክ። ኤልያቄም፣ የጎረቤታችንን የድንቅቱን ልጅ አመዩን ረሳኸው? በዚያው መንገድ፣ እንደዚያው ባለ ደላላ ነው የሄደው። ድንቅቱ እስከ ዛሬ የነገራ መኪና መጣ በተባለ ቁጥር መናኸሪያ ወጥታ ትቆማለች። ነገራ እንዳያያት በሌላ በር መውጣት ጀምሯል። እኔ በሕይወት እያለሁ እማዬ እዚያ በር ላይ አትቆምም።

ስለዚህ ዱላዎቹን ለማንም አልሰጠሁም። ጠማማ ከሆኑ ጠማማ መሆናቸውን፣ ቀና ከሆኑም ቀና መሆናቸውን በዓይኔ አይቼ ልጽፍልህ ቆረጥኩ።

መጀመሪያ ከሰፈር ልጆች ጋር የወጣነው ሁሉቃ ዳር ኦቦ ዱጋሳ ከብት የሚያሰማራበት መስክ ላይ ነው። ሄጄ አስፈቀድኩት። ጉድጓድ መቆፈራችንን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ የላም እግር ይገባበታል ብሎ ነው። ተጫውተን ስንጨርስ እያንዳንዱን ጉድጓድ በድንጋይ እንደምንከድን አስምሎኝ ፈቀደ። የቲማቲም ጣሳ መሬት ውስጥ ቀበርን፣ ከጎኑ እንጨት ተከልን፣ በእንጨቱ ላይ ከስፌት የተረፈኝን ቀይ ጨርቅ አሰርኩ። አምቦ የጎልፍ ሜዳ አላት ብለህ ለእነዚያ ሰዎችህ ንገራቸው።

የመጀመሪያው ቀን ግን ጉድ ፈላ። የገና በዓል ካለፈ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበርና የሰፈሩ ጎልማሳ ሁሉ እጁን እየበላው መጣ። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚመታው፣ ኳሱም ቆሞ ነው የሚመታው ብዬ ብለፈልፍ ማን ይስማኝ! አንዱ መትቶ ገና ሳይጨርስ ሌላው ከፊት ሮጦ የምትንከባለለውን ኳስ እንደ ገና ሩር መልሶ ይመታታል። ወዲያው ለሁለት ተከፍለው የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሆኑ። ኦቦ ዱጋሳ ራሱ ከብቱን ትቶ ለታች ሰፈር ተሰለፈ። ሴት ልጅ ዱላ ይዛ ሜዳ ላይ ምን ትሠራለች ያሉኝም አልጠፉም፤ እኔም ዱላው የወንድሜ ነው፣ ጥያቄ ያለው እሱን ይጠይቅ ብዬ አለፍኳቸው። ያን ቀን ስለ ዱላዎችህ ያወቅሁት አለመሰበራቸውን ብቻ ነው። ያንን ጠብ ችለው ካልተሰበሩ ግን ብየዳህ የዋዛ አይደለም።

ይህ እንደማያዋጣ ሳይ የሚያውቅ ሰው ፈለግሁ። ዱሬቲ የምትባል ደንበኛ አለችኝ። ባሏ አቶ ሌታ ኮሌጅ ያስተምራል፣ ውጭ አገር ሲማር ጎልፍ ለምዷል፣ አሁንም አዲስ አበባ ሲሄድ ይጫወታል። የዱሬቲን ቀሚስ ሳስረክብ ባልሽን አንድ ቅዳሜ አውሺኝ አልኳት። ሳቀችብኝ፣ ግን ላከችው። ረጅም፣ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ነው። መጀመሪያ ዱላዎችህን አንድ በአንድ አገላብጦ አየና ሠሪው እጁ ንጹሕ ነው፣ የእጀታው አጠቃለል ደግሞ የፋብሪካ ይመስላል አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ መታ። ኳሷ ተነሥታ ወደ ቀኝ ዞረችና ሁሉቃ ገባች። ሌላ ዱላ ወሰደ፣ እሱም ወደ ቀኝ። ሦስተኛውም ያው። አቶ ሌታ ጨዋ ሰው ነውና ዱላዎቹን ጠርጎ ወደ ጆንያቸው መለሰ፤ ጨዋነቱ ግን ከስድብ በለጠብኝ። የናይሮቢዎቹ እውነታቸውን ኖሯል አልኩ። አልቅሼ ነበር፣ አልደብቅህም።

ማታ ላይ ግን እልህ ያዘኝ። መስኩ ወደ ወንዙ ያዘቀዝቃል፣ ምናልባት ሜዳው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አቶ ሌታን ይዤ ጉደር ሄድኩ። ጤፍ የታጨደበት ደረቅና ደልዳላ ማሳ ላይ ሞከርን። አሁንም ወደ ቀኝ። አቶ ሌታን ራሱን እልህ ያዘውና እስቲ ወንጪ እንውጣ፣ እዚያ ሣሩ አጭር ነው፣ ሜዳውም ሰፊ ነው አለኝ።

አሁን የምነግርህን ቀስ ብለህ አንብብ። ወንጪ ልንሄድ ስንነሣ አባባ ጋቢውን ደርቦ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሳትሰናበተው ከሄድክ ጀምሮ ስምህን በአፉ ጠርቶ እንደማያውቅ ታውቃለህ። ወዴት ነው ብለው፣ ወንጪ አካባቢ ዘመድ አለኝ፣ ለቅሶ አልደረስኩም አለ። ምንም ለቅሶ የለም። ክንዱን ይዤ የአቶ ሌታ መኪና ውስጥ አስገባሁት፣ የመኪናው መንገድ ሲያልቅም በፈረስ አወጣነው።

ሐይቁ ከሥር ተኝቶ የሚታይበት ሜዳ ላይ ቀይ ጨርቄን ተከልኩ። አቶ ሌታ በሰባት ቁጥሩ ዱላ መታ፤ ወደ ቀኝ ሄዳ ገደል ገባች። አባባ ከፈረሱ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። አቶ ሌታ ዱላውን አቀበለው። አባባ ጋቢውን ለኔ ሰጠኝና ልክ በወጣትነቱ ገና ሲጫወት እንደነበረው ወገቡን ሰበር፣ እጁን ዝቅ አድርጎ መታ። ኳሷ እንደ ክር ቀጥ ብላ ሄዳ ከጨርቁ ዝቅ ብላ አረፈች። ደገመ። ያው ቀጥ። አቶ ሌታ ዱላውን ተቀብሎ ሞከረ፣ ወደ ቀኝ። አባባ ተቀበለው፣ ቀጥ። ፈረስ ሳቢዎቹ ሳይቀሩ ከበው ይስቁ ጀመር።

እኔ አልሳቅሁም። የኔን ሥራ አይቼ ነዋ! አንድ ኮት ሁለት ሰው ሲለብሰው ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዱ ላይ ልክክ ይላል፣ ሌላው ላይ ትከሻው ይንጠለጠላል፣ ኮቱ ግን ያው ኮት ነው። ከኪሴ የልብስ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔዬን አወጣሁና የዱላውን ራስ ከታች፣ መሬት የሚነካውን ቀባሁት። አባባ ሲመታ ጠመኔው ከዳር እስከ ዳር እኩል ጠፋ። እንደገና ቀብቼ ለአቶ ሌታ ሰጠሁት። ከእሱ ሲመለስ ጠመኔው የጠፋው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ ዘንጉ በሚገባበት በተረከዙ በኩል እንዳለ አለ። አቶ ሌታ አይቶ እጁን አጨበጨበ። ቀጥ ብሎ ለሚቆም ሰው የዚህ ዱላ ራስ በጣም ተዘርግቷል፣ ጫፉ መሬት ስለሚይዘው ፊቱ ይከፈትና ኳሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ በብረት መያዣ ሞርሳ ይዞ ጥቂት ማቃናት ነው ብሎ አስረዳኝ። በመልስ መንገድ ሙሉ ስለዚሁ ሲያወራ ነበር፤ ዱሬቲ ኋላ ቤት ገብቶም አልተወም ብላኛለች።

እስቲ አሁን መልስልኝ። ዱላ ሠርተህ ስትጨርስ ማን ይሞክረዋል? አንተው ነህ። እንዴት ቆመህ? በስድስት ዓመትህ አባባ ሜዳ ላይ ወገብህን ሰበር አድርግ፣ እጅህን ዝቅ እያለ እንዳስተማረህ ቆመህ። በዚያ የገና ጨዋታ አቋቋምህ ቀጥ ብሎ እስኪሄድልህ ድረስ ብረቱን ታጎብጠዋለህ፣ ከዚያ ጎንበስ ማለት ለማያውቅ ሰው ትሰጠዋለህ። ወንድሜ፣ ሁሉንም ኮት በራስህ ልክ ሰፍተሃል! እድልህ ምን በወጣው? እጅህም ምንም አልሆነም። ልክ ሳትወስድ መስፋትህ ነው ጥፋቱ።

ስለዚህ የምልህን አድርግ። ስድስቱን ዱላ እንደዚያው ጠመኔ ቀብቼ ካስመታሁ በኋላ በሸራ ሰፍቼ በነገራ ልኬልሃለሁ። ጠመኔው በመንገድ ይጠፋል፣ መሬቱ ብረቱ ላይ የጫረው ጭረት ግን አይጠፋምና እንዳትወለውላቸው። ሰማያዊ ክር ያሰርኩባቸው አቶ ሌታ ብቻ የመታባቸው ናቸው፤ ጫፋቸው ተፍቋል። አረንጓዴ ክር ያላቸው አባባና የሰፈር ሰው የመቱባቸው ናቸው፤ እኩል ተፍቀዋል። ይዘህ አለቃህ ጋ ሂድ። አንገትህን ደፍተህ ሳይሆን ቀና ብለህ አስረዳው። በፊቱ ጠመኔ ቀብተህ አንዱን አባል አስመታው፣ በሞርሳ አቃናው፣ መልሰህ አስመታው። ከእንግዲህም ራስህ ሞክረህ ደህና ነው እንዳትል፤ ባለቤቱን አቁመህ ልኩን ውሰድ። እሺ ካለህ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። እምቢ ካለህ ወደ ደቡብ ሳይሆን ወደ ሰሜን ነው መንገድህ። አቶ ሌታ እንደነገረኝ አዲስ አበባ ያሉት ተጫዋቾች ዱላ ሲሰበርባቸው የሚጠግንላቸው አጥተው ጥግ ላይ ይጥሉታል። እንጀራ ይወጣዋል ብዬ አልምልልህም፣ ግን ሰው ይዞ ከሚሄድ ደላላ እሱን አምናለሁ። የስፌት ቤቴ ጓሮ ባዶ ነው፤ ሞርሳ ለማቆም ይበቃል።

እማዬ ሽሮና በርበሬ ልካልሃለች፤ ለኢፋ አካፍለው፣ ብቻህን እንዳትበላ ብላለች። ስማኝ ኢፋ፣ አንተም በዚያ መንገድ ልትሄድ ካሰብክ ይህ ደብዳቤ ለአንተም ነው። ኦቦ ዱጋሳ ጃባዱ፣ ጠንክር በይልኝ ብሎሃል፤ ጉድጓዶቹን ሁሉ መክደናችንንም መስክሮልናል። ዱሬቲና አቶ ሌታ ባያውቁህም ሰላም ይሉሃል። ድንቅቱም ሰላም ብላሃለች። ይህን እንደምጽፍልህ ስነግራት እጄን ይዛ አጥብቀሽ ጻፊለት አለችኝ። አጥብቄ ጽፌያለሁ።

ሰባት እንደነበሩ ታውቃለህና አንዱ የት ሄደ ብለህ ነገራን እንዳትጠረጥረው። ሰባት ቁጥሩን አባባ አልለቀቀም። ከወንጪ ከተመለስን ጀምሮ ገልብጦ የዱላውን ራስ ጨብጦ ይመረኮዘዋል፤ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የሚሄደው በእሱ ነው። ሰው ይህ ከዘራ ከየት መጣ ሲለው ልጄ ኤልያቄም የሠራው ነው ይላል። አዎ፣ ስምህን ጠርቶ። ሸራውን ስሰፋ ይኼንንም ልጨምረው ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ። የፈለገው ሰው መጥቶ ከእጄ ይቀበለኝ በይው አለኝ።

ታላቅ እህትህ
አርሴማ ወሰኑ
አምቦ፣ የካቲት 3 ቀን 1990 ዓ.ም.